ቀብር ላይ ያሳቀችው የሥነ ጽሑፍ ተማሪ

ሰርክአዲስ ኮተቤ መንገድ ዳር ባለች ጠባብ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ለአሥራ ሦስት ዓመት የሰው ጽሑፍ ስትተይብ ኖራለች። ስለ አፈር መሸርሸር ተይባለች፣ ስለ መምህራን ተነሳሽነት ተይባለች፣ ስለ ወተት ላሞች አመጋገብ ከማንኛዋም ላም በላይ ታውቃለች። ተማሪዎቹ የሚመጡት ማስረከቢያው ነገ ሲሆን ዛሬ ነው። ፍላሻቸው ቫይረስ አለበት። "እህቴ፣ በእናትሽ፣ ሞቼልሻለሁ" ይሏታል። እሷ ቀና ሳትል ትተይባለች። ከሁሉም የምትጠላው ምስጋና የሚለውን ገጽ ነበር። ሁሉም ፈጣሪን፣ አማካሪውን፣ ወላጆቹን ያመሰግናል። አንድ ልጅ ብቻ እሷን አስታውሶ "ጽሑፉን በመተየብ የተባበረችኝን ወይዘሪት" ብሎ ከጻፈ በኋላ ስሟን ስለማያውቀው ነጥብ ነጥብ አድርጎ ትቶላታል፤ ራሷ እንድትሞላው።

እኔ ሲግናል ሰፈር ውስጥ የቧንቧ ዕቃ እሸጣለሁ። ሰርክአዲስ የሰፈሬ ልጅ ናት፣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ አውቃታለሁ። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አግብታ ፈታለች፤ ለምን እንደፈታች ስትጠየቅ "ረቂቁ ጥሩ ነበር" ከማለት በቀር ሌላ ነገር አትናገርም። ክፍል ውስጥ የሆነውን የነገረችኝ እሷ ናት። የቀረውን እዚያው ቆሜ አይቻለሁ።

ዩኒቨርሲቲ የገባችው በንዴት ነው። አንድ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ሊያስተይብ መጣና "አንቺ ብዙ ስለተየብሽ ታውቂበታለሽ፣ መደምደሚያውን ትንሽ አሟይልኝ" አላት። መደምደሚያው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። ልጁ ያጠናውን ልብ ወለድ እሑድ ተቀምጣ አነበበችው፤ ሰኞ አራት ገጽ መደምደሚያ ጻፈችለት። ከአንድ ወር በኋላ ሙዝ ይዞ መጣ።

"ኤ አመጣሁ" አላት።

"ማን ነው ያመጣው?" አለችው።

ልጁ ሙዙን አስቀምጦ ወጣ። ሰርክአዲስ ሙዙን በላች፣ ከዚያ የድሮ የጽሕፈት ሥራ ዲፕሎማዋን ከሳጥን አውጥታ በቅዳሜና እሑድ ፕሮግራም ሥነ ጽሑፍ ልትማር ተመዘገበች። ለፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት ግን የኮምፒውተር ኮርስ ነው አለችው። ሥነ ጽሑፍ ብትለው ደህና ነሽ ወይ ይላት ነበር።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት በቀላሉ አለፈችው። የሰው ድርሰት መተንተን ለእሷ ጨዋታ ነው። ችግሩ የመጣው ሦስተኛ ዓመት ላይ፣ የፈጠራ ጽሑፍ የሚባለው ኮርስ ሲደርስ ነው። አስተማሪው መምህር ትንሳኤ ይባላል። ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ሙቀትም ይሁን ብርድ አንድ ቡናማ ኮት ይለብሳል። ያሳተመው መጽሐፍ የለም፤ ያልወደደው መጽሐፍ ግን ብዙ ነው። ተማሪው የጻፈው ዓረፍተ ነገር መጥፎ ከሆነ አይነቅፍም። ጮክ ብሎ፣ ቀስ እያለ፣ ሦስት ጊዜ ያነበዋል። በሦስተኛው ላይ ጸሐፊው ራሱ መሬት ብትውጠው ይመርጣል።

ሰርክአዲስ መጀመሪያ የጻፈችው ስለ አንድ የታክሲ ረዳት ነበር። መምህር ትንሳኤ ወረቀቱን አንስቶ፣ "ረዳቱ ደግ፣ ሰው አክባሪ፣ ታታሪና ከሰው ተግባቢ ነበር" የሚለውን እንደ ልማዱ ሦስት ጊዜ አነበበው።

"ይህ ሰው መቼ ነው የሞተው?" አላት።

"አልሞተም" አለች።

"እርግጠኛ ነዎት? ሁለተኛው ገጽ ላይ አበባ ሊቀመጥለት ምንም አልቀረውም።"

ክፍሉ ሳቀ። ከአጠገቧ የተቀመጠችው ሃኒ፣ ባንክ የምትሠራ የሃያ አራት ዓመት ልጅ፣ ላለመሳቅ አፏን በእጇ ያዘች። ሃኒ ግጥም ትጽፋለች። ግጥሞቿ ሁሉ ዝናብ ይዘንብባቸዋል።

"ደግ ነው ብለዋል" አለ መምህር ትንሳኤ። "ምን ሲያደርግ አዩት?"

ሰርክአዲስ አሰበች። "ምንም ሲያደርግ አላየሁትም።"

"እንግዲያው ደግ መሆኑን እንዴት አወቁ?"

እውነቱን ልትነግረው አልቻለችም። እውነቱ እንዲህ ነው፤ ከተማሪ ቀጥሎ የፎቶ ኮፒ ቤቱ ዋና ደንበኛ ሟች ነው። ሰው ሲሞት ዘመድ ይመጣና ቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ያስተይባል። ሰርክአዲስ ኮምፒውተሯ ላይ "ሟች የመጨረሻው የመጨረሻ" የሚባል ፋይል አላት። ስሙን፣ የትውልድ ዘመኑንና የልጆቹን ቁጥር ትቀይራለች፤ የቀረው አይነካም። ደግ፣ ሰው አክባሪ፣ ታታሪ። ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው። አንድ ጊዜ መቀየር ረስታ "የሦስት ልጆች እናት የነበሩት አቶ" ብሎ ወጥቶ፣ ተነቦ፣ ሰው አልቅሶ፣ ንፍሮ በልቶ ተበተነ። ማንም አላስተዋለም። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ስትጽፍ ጣቷ ለምዶት፣ በሕይወት ያለውንም ሰው መቅበር ጀምራ ነበር።

የዚያን ቀን በንዴት ከኮተቤ እስከ መገናኛ በእግሯ ሄደች። መምህሩ በሦስት ሳምንት የሚቀርብ ሥራ ሰጥቷቸዋል፤ ስለሚያውቁት አንድ ሰው ሦስት ገጽ፣ አንድም የሙገሳ ቃል ሳይገባበት። ሁለቱ ሳምንት ባዶ ወረቀት ስታይ አለፈ። በሦስተኛው ሳምንት ጋሽ ልደቱ ሞቱ።

ጋሽ ልደቱ ጡረታ የወጡ ቀያሽ ነበሩ። ከመሥሪያ ቤቱ ጡረታ ወጡ እንጂ ከሥራው አልወጡም። ሜትራቸውን ቀበቷቸው ላይ አንጠልጥለው ሰፈሩን ይዞራሉ። አንዱ አጥር ሲያጥር ከየት እንደሚመጡ ሳይታወቅ ከኋላው ይቆማሉ። "ወጥተሃል" ይላሉ፣ ሌላ ቃል የለም። የሠርግ ድንኳን መንገዱን አርባ ሳንቲ ነክቷል ብለው ሙሽሮቹ መኪና ውስጥ ተቀምጠው ካስማ አስነቅለዋል። የእኔን ሱቅ ደረጃ ሁለት ጊዜ አስፈርሰውኛል። ከሰፈሩ ግማሹ አያናግራቸውም፤ ግማሹ ቢያናግራቸውም እሳቸው አይመልሱለትም።

የሞቱት ሐሙስ ጠዋት ነው። የእድራችን ጸሐፊ ጋሽ በዳዳ ወዲያው ለሰርክአዲስ ደወሉላት። ጋሽ በዳዳ እንጦጦ ግርጌ የተወለዱ፣ ዕድሜያቸውን በከተማ አውቶቡስ ሹፌርነት የጨረሱ ሰው ናቸው። ድምፃቸው ያለ ማይክራፎን ጫካ ያቋርጣል፤ በዚያ የተነሳ ቀብር ላይ የሚያነቡት ሁልጊዜ እሳቸው ናቸው።

"ቀብሩ ነገ ስድስት ሰዓት፣ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት፣ ወላጆቻቸው ያረፉበት" አሏት። "የተለመደውን አዘጋጂልኝ።"

ሰርክአዲስ የትውልድ ዘመናቸውንና የልጆቻቸውን ስም ልትጠይቅ ለቅሶ ቤት ሄደች። ባለቤታቸው እትዬ ወለተሥላሴ ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። እጇን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጧትና ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ።

"ሥነ ጽሑፍ ትማሪያለሽ አሉ" አሏት።

"አዎ፣ እትዬ።"

"እንግዲያው የሰው ሁሉ ዓይነት እንዳታደርጊው። ይኼን ሰውዬ አርባ ስድስት ዓመት ችዬዋለሁ። ከሰው ተግባቢ ነበሩ ብለሽ ብትጽፊ እዚያው መቃብሩ ላይ ነው የምስቅብሽ።"

"ታዲያ ምን ልጻፍ?"

"ወረቀት ይዘሻል?"

ሰርክአዲስ ወረቀት አልያዘችም። የለቀስተኞች መመዝገቢያ ደብተር ከበሩ ተቀበለችና ከኋላ በኩል መጻፍ ጀመረች። እትዬ ወለተሥላሴ አንድ ሰዓት ተኩል አወሩ። መሃል ላይ አዲስ ለቀስተኛ ሲገባ ያለቅሳሉ፣ ሲቀመጥ "የት ነበርኩ?" ብለው ይቀጥላሉ። ሰርክአዲስ ከዚያ ወጥታ ፎቶ ኮፒ ቤት ገባች። ፋይሉን ከፈተችው፤ አየችው፤ ዘጋችውና ባዶ ገጽ ከፈተች።

በማግስቱ እድሩ በተከራያቸው ሁለት ቅጥቅጥ አውቶቡሶች ተጭነን እንጦጦ ወጣን። ፍትሐቱ ተፈጸመ። ሰዉ ባሕር ዛፉ ሥር ቆሞ፣ ግማሹ ስልኩን እየነካካ የሕይወት ታሪኩን ይጠብቃል። ጋሽ በዳዳ ወረቀቱን የተቀበሉት እዚያው ነው፤ አስቀድመው አላነበቡትም። ሃያ ዓመት ያነበቡት ነገር ነውና ምን ሊያደርግላቸው። ጉሮሯቸውን ጠራርገው ጀመሩ።

"አቶ ልደቱ ከአባታቸውና ከእናታቸው በ1943 ዓመተ ምሕረት በዚሁ በእንጦጦ ተወለዱ። አቶ ልደቱ ደግ፣ ሰው አክባሪ..."

ይህን ያሉት ከአፋቸው ልማድ ነው። ወረቀቱ ላይ ግን እንዲያ አይልም። ቆም አሉ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና መልሰው አደረጉት። ሰርክአዲስን ፈለጓት፤ እሷ ዛፎቹን እያየች ነበር። ሰው ቀና አለ።

"አቶ ልደቱ ከሰው ተግባቢ አልነበሩም" ብለው አነበቡ ጋሽ በዳዳ፣ ድምፃቸው ትንሽ ወረድ ብሎ። "ሲግናል ውስጥ ያልለኩት አጥር የለም። ከለኳቸው ሁሉ ልክ ነው ያሉት የራሳቸውን ብቻ ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን ግን የራሳቸውን ደግመው ሲለኩ ወደ ጎረቤት አሥራ አንድ ሳንቲ ገብተው አገኙት። ጎረቤቱ አያውቅም ነበር። ሌላም ሰው አያውቅም ነበር። አቶ ልደቱ በስድሳ ሁለት ዓመታቸው፣ የሰው እጅ ሳይጨምሩ፣ አጥራቸውን በአምስት ቀን አፍርሰው አሥራ አንድ ሳንቲ ወደ ውስጥ መልሰው አቆሙት። ለምን እንደሆነ ለጎረቤቱ አልነገሩትም። ለባለቤታቸው ግን፣ አሁን ሰው ሆንኩ ብለዋቸዋል።"

ጎረቤቱ እኔ ነኝ። በዚያን ጊዜ አጥራቸውን ሲያፈርሱ አይቼ ለሚስቴ "ሰውየው ለይቶለታል" ብያት ነበር። እዚያ ባሕር ዛፍ ሥር ቆሜ የማላውቀው ሰው ትከሻ ያዝኩ።

ጋሽ በዳዳ ቀጠሉ። "ባለቤታቸው ዓይናቸውን ታክመው ሁለት ወር ታስሮ በነበረ ጊዜ አቶ ልደቱ በየቀኑ ጋዜጣ ያነቡላቸው ነበር። የሚያነቡትም ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ነው። የጨረታ ማስታወቂያ አይዘሉም። የጠፋ ማኅተም ማስታወቂያ አይዘሉም። ባለቤታቸው ይኼን እንኳ እለፈው ሲሏቸው፣ የተጻፈ ነገር አይታለፍም ይሉ ነበር። በዚህም ምክንያት ወይዘሮ ወለተሥላሴ ስለ ጄኔሬተር ግዢ በዚህ አገር ካሉ መሐንዲሶች ሁሉ የበለጠ ያውቃሉ።"

መጀመሪያ የሳቁት እትዬ ወለተሥላሴ ናቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ነበር፤ አልሆነላቸውም። ልጃቸው ደንግጦ ሊደግፋቸው ሲል እሱም ሳቀ። ከዚያ ደረጃው የፈረሰበት፣ ካስማው የተነቀለበት፣ አሥር ዓመት ያኮረፈው ሁሉ ሳቀ። እየሳቀም ያለቅሳል። ፍትሐቱን ያደረሱት ቄስ ወልደ ሐዋርያት ጥናቸውን እንደያዙ ፊታቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዞሩ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ፤ በንዴት መስሎኝ ነበር።

እሑድ ጠዋት እድሩ ሰርክአዲስን ጠራት። ሰብሳቢያችን ወይዘሮ የማርያምወርቅ ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር የነበሩ ሴት ናቸው፤ እስካሁንም ሰውን የሚያዩት ያረፈደ ተማሪ እንደሚያዩ ነው።

"የተከሰስሽው" ብለው ጀመሩ፣ "ለቀስተኛን በማሳቅ ነው።"

"በየትኛው አንቀጽ?" አለች ሰርክአዲስ።

ደንቡ ተገለጠ። ድንኳን ስለቀደደ አለ፣ ወንበር ስላልመለሰ አለ፣ ቀብር ላይ ሰክሮ ስለመጣም አለ። ስላሳቀ የለም። አንድ አባል አንቀጽ ይጨመር የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሌላው ሳቅ እንዴት ይለካል፣ ፈገግታስ ይካተታል ወይ ብሎ ጠየቀ። እዚህ ላይ ግማሽ ሰዓት ተከራከርን፤ ጋሽ ልደቱ ቢኖሩ ሜትራቸውን ያወጡ ነበር።

ወይዘሮ የማርያምወርቅ ጠረጴዛውን መቱ። "ልጄ፣ ሟች ይከበራል። ሰው ሞቶ ጉድ ይወጣበታል እንዴ?"

"ጉዳቸውን አልጻፍኩም። የሠሩትን ነው የጻፍኩት" አለች ሰርክአዲስ። "ደግ ነበሩ ብዬ ብጽፍ ኖሮ ከእናንተ ውስጥ ማን ያምነኝ ነበር? አሁን ግን አጥሩን ሁላችሁም ታውቃላችሁ።"

ያን ጊዜ እትዬ ወለተሥላሴ፣ በሰልስቱ ማለዳ፣ ጥቁራቸውን ለብሰው በልጃቸው ተደግፈው ገቡ። መቀመጫ ቢሰጧቸው አልተቀመጡም።

"ብዙ ቀብር ቆሜአለሁ" አሉ። "የማን እንደሆነ የማውቀው ፎቶውን አይቼ ነው። ዓርብ ግን የባሌን ቀብር ነው የቆምኩት። ይኼን ልናገር ነው የመጣሁት።" ብለው ተመልሰው ወጡ።

እድሩ ሰርክአዲስን በቃል ማስጠንቀቂያ አለፋት። ቃለ ጉባኤውን የጻፉት ጋሽ በዳዳ፣ ሰው ሲበተን በር ላይ ጠበቋት። ግራ ቀኝ አዩ።

"የእኔን ጻፊልኝ" አሏት።

"ጋሼ፣ ደህና አይደሉም እንዴ?"

"ደህና ነኝ። ለዚህ ነው ዛሬ የምጠይቅሽ። የልደቱን እኔ አነበብኩለት፤ የእኔን ማን ያነበዋል? የሚያነበው ሰው ቢሳሳት እንኳ ጽሑፉን አስቀድሜ ልየው።"

ከማግስቱ ጀምሮ ጋሽ በዳዳ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ውስጥ ወንበር ይዘው ይቀመጡ ጀመር። ተማሪዎች ለማስተየብ ሲሰለፉ እሳቸው ሕይወታቸውን ይተርካሉ። ትልቁ ፀብ ስለ አህያው ነበር። ጋሽ በዳዳ በሠላሳ አንድ ዓመት የሹፌርነት ሥራቸው ምንም ገጭተው አያውቁም። ሰርክአዲስ ግን ለባለቤታቸው ደውላ አንድ አህያ እንዳለ ደርሳበታለች።

"አህያውን አልገጨሁም" አሉ ጋሽ በዳዳ። "አህያው ነው የገጨኝ። ቆሜ ነበር። ከጎን መጥቶ ነው።"

"እንደሱ ብዬ እጽፈዋለሁ። ባለቤትዎ የሚሉትንም ከሥሩ እጽፋለሁ።"

"የእሷን ለምን?"

"እሳቸውም አውቶቡሱ ውስጥ ነበሩ።"

ጋሽ በዳዳ ሁለት ቀን አኮረፉ። በሦስተኛው ቀን ስለ እናታቸው ሊነግሯት መጡ። እናታቸው እንጦጦ ላይ እርሻ ነበራቸው፣ ልጃቸው እርሻውን ትቶ መሪ ልያዝ ሲል ረግመውታል። "የረገመችኝ በኦሮምኛ ነው" አሉ ጋሽ በዳዳ። "በአማርኛ ስትጽፊው እርግማኑ ምርቃት መሰለ። በራሷ ቋንቋ ይቀመጥ።" ሰርክአዲስ እሳቸው እንደነገሯት በኦሮምኛው አስቀመጠችው፤ እሳቸውም ጮክ ብለው ደግመው አነበቡት።

ወሬው ሰፈሩን አዳረሰው። ወይዘሮ የማርያምወርቅ ራሳቸው፣ "እኔ ለመሳቅ አይደለም፣ ለታሪክ ያህል ነው" ብለው መጡ። አንድ ዓመት ሳይሞላ ሰባት ሰው ጻፈች፤ ስድስቱ በሕይወት አሉ። እኔንም ጻፈችኝ። አሥራ አንድ ሳንቲውን አሁን ምን እንደማደርግበት ጠየቀችኝ፤ ምንም እንዳላደረግሁበት ነገርኳት፤ እንዲያው ብላ ጻፈችው።

ለመምህር ትንሳኤ የጋሽ ልደቱን የሰጠችው በተባለው ቀን ነው። ወረቀቱን አንስቶ እንደ ልማዱ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። የመጀመሪያውን አንቀጽ አንድ ጊዜ ብቻ አነበበው። ከዚያ ድምፁን አጥፍቶ ለራሱ እስከ መጨረሻው ሄደ፣ ክፍሉ ይጠብቃል።

"አንቺ" አላት ድንገት። እስከዚያን ቀን እርስዎ ነበር የሚላት። "ይኼን ማን አስተማረሽ?"

"እርስዎ።"

"እኔ ይኼን አላስተማርኩም። እኔ የማስተምረው የሙገሳ ቃል እንዳይገባ ነው። እዚህ ውስጥ ግን ሰውየው ተሞግሷል።"

"ቃሉ አልገባም።"

መምህር ትንሳኤ ወረቀቱን ሳይመልስላት ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው። ሃኒ ከጎኗ ሆና "ሰርክዬ፣ ዝናብ የለበትም እኮ" አለቻት። ለሃኒ ይህ ትልቅ አድናቆት ነው።

አራተኛ ዓመት ላይ ሰባቱን የሕይወት ታሪኮች የመመረቂያ ሥራዋ አድርጋ አቀረበች። መምህር ትንሳኤ አማካሪዋ ሆነ። የትምህርት ክፍሉ መምህራን ዘርፉ ምን እንደሆነ አልገባቸውም። አጭር ልብ ወለድ እንዳይባል እውነት ነው፤ የቀብር የሕይወት ታሪክ እንዳይባል ከአንዱ በቀር ሰዎቹ አልሞቱም። ነገሩ ወደ ፈታኙ ወደ ዶክተር ጠሀ ተመራ። ዶክተር ጠሀ ጸጥ ያሉ፣ ከእርሳሳቸው ቀና የማይሉ ሰው ናቸው። በሥራዋ ጠርዝ ላይ አንድ መቶ አርባ ቦታ ምልክት አድርገውበታል።

ሥራዋን የምትከላከልበት ቀን የሰኔ ቅዳሜ ነበር። እኛም ሄድን። ማን ጠራችሁ ብትሉ ማንም፤ የተጻፍነው እኛ ነን። ጋሽ በዳዳ ሙሉ ልብስ ለብሰው ፊት ረድፍ ላይ ተቀመጡ። እትዬ ወለተሥላሴና ወይዘሮ የማርያምወርቅ ከኋላቸው።

ዶክተር ጠሀ ቀና ሳይሉ ጠየቁ። "የእነዚህን ሰዎች ፈቃድ አግኝተሻል?"

"ከአንዱ በቀር ሁሉም እዚህ ተቀምጠዋል" አለች ሰርክአዲስ። "የአንዱም ባለቤት አሉ።"

ዶክተር ጠሀ ያን ጊዜ ቀና አሉ። አዳራሹን ለመጀመሪያ ጊዜ አዩት። "እኔ ተማሪዎች መስላችሁኝ ነበር" አሉ።

"ተቃውሞ አለኝ" ብለው ጋሽ በዳዳ እጃቸውን አወጡ። "ገጽ አሥራ ዘጠኝ። ስለ አህያው።"

መምህር ትንሳኤ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ዶክተር ጠሀ ግን ገጽ አሥራ ዘጠኝን ገለጡ። "እኔም እዚህ ላይ ጥያቄ ነበረኝ" አሉ። "አንባቢው የትኛውን ተራኪ ይመን? ሹፌሩን ወይስ ባለቤቱን?"

"ሁለቱንም እንዲያምን ነው የጻፍኩት" አለች ሰርክአዲስ። "ሠላሳ አምስት ዓመት በአህያ ምክንያት የሚጨቃጨቁ ባልና ሚስት መሆናቸውን እንዲያይ።"

"አህያው ግን ከየት አቅጣጫ ነው የመጣው?" ብለው ዶክተር ጠሀ ወደ ጋሽ በዳዳ ዞሩ።

ጋሽ በዳዳ ተነስተው በሁለት ወንበርና በአንድ የውኃ ጠርሙስ አሳዩአቸው። አሥራ አምስት ደቂቃ ፈጀ። ውጭ የሚጠብቁት ሌሎች ተማሪዎች በበሩ ቀዳዳ ያዩ ነበር፤ እንደነሱ ግምት ሰርክአዲስ ወድቃለች።

ውጤቱ ሲወጣ ቢ ፕላስ ሆነ። ዶክተር ጠሀ "ሥራው ሕያው ነው፤ ንድፈ ሐሳባዊ ማዕቀፍ ይጎድለዋል" ብለው ጻፉበት። ሰርክአዲስ ቢ ፕላሱን ስታይ በእሷ አራት ገጽ ኤ ያመጣውን ያን የሙዝ ልጅ አሰበችና መሳቅ አቃታት። መምህር ትንሳኤ ግን ዶክተሩ ቢሮ ገብቶ ተከራከረ፤ ሲወጣ ፊቱ ቀልቶ ነበር።

"ምን አሉ?" አለችው።

"ቢ ፕላሱ አይቀየርም። ግን የአባታቸውን ልትጽፊላቸው ትችይ እንደሆነ ጠይቅልኝ ብለውኛል።"

"ማዕቀፍ ይኑረው ወይ ይበሏቸው።"

ሐምሌ ላይ ተመረቀች። ጋውኑ አጥሮባት ነበር፤ እትዬ ወለተሥላሴ ጫፉን ፈትተው በእጃቸው አስረዘሙላት። ሰኞ ተመልሳ ፎቶ ኮፒ ቤት ገባች፤ የመንጃ ፈቃድ ፎቶ ኮፒ የሚያደርግ ሰው ተሰልፎ ነበር። ዲግሪው ወንበሯን አልቀየረላትም። ልዩነቱ ሰው አሁን ለቀብር ጽሑፍ ሲመጣ ስም ነግሮ ብቻ አይሄድም፤ ተቀምጦ ይጠየቃል። ምን ሲያደርጉ አያችኋቸው ትላለች። መልስ የሌለው ዘመድ ተመልሶ ሄዶ ጠይቆ ይመጣል። አንዳንዱ ተቆጥቶ ሌላ ተያቢ ጋ ይሄዳል።

ቄስ ወልደ ሐዋርያትን ግን እንደፈራቻቸው ነበር። ከጋሽ ልደቱ ቀብር ጀምሮ እንጦጦ ስትወጣ ትሸሻቸዋለች። በቀደም ከቅዳሴ በኋላ በር ላይ አስቆሟት። መስቀል አሳለሟት፣ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ልጄ፣ የምትጽፊውን ከፍትሐት በፊት እኔ ማየት አለብኝ።"

"አባቴ፣ ነውር ነገር አልጻፍኩም።"

"ነውር አላልኩም። ያን ቀን ስለ ጄኔሬተሩ ሲነበብ ልብሰ ተክህኖ ለብሼ፣ ጥና ይዤ፣ ሕዝብ ፊት ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ዲያቆኑ አይቶኛል። ከእንግዲህ አስቀድመሽ ላኪልኝ፤ ቤቴ ስቄ ልምጣ።"

አሁን በቴሌግራም ትልክላቸዋለች። ያለፈው ሳምንት ስለ አንዲት የወፍጮ ቤት ባለቤት የጻፈችውን ልካላቸው ቄሱ መልሰው ጻፉላት። "ደርሶኛል። ሦስተኛውን አንቀጽ አውጪው። እሱን ቤቴም አልቻልኩትም።"

አላወጣችውም።